የኤፌክስ ትዊን ሸክላዎች፦ ከመግዛታችሁ በፊት የገጹን ደቂቃ ቁጠሩ

የኤፌክስ ትዊንን (የእንግሊዛዊው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪ የሪቻርድ ዲ. ጄምስ የመድረክ ስም ነው) ሸክላ ሊገዛ የተነሳ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ኦሪጅናል ነው ወይስ ዳግም ህትመት?» ብሎ ነው። ጥያቄው ለሰብሳቢ ይጠቅማል። ለማዳመጥ ለሚገዛ ግን ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች ይቀድማሉ፦ በአንድ ገጽ (በዲስኩ አንድ ወገን) ላይ ስንት ደቂቃ ሙዚቃ ተጭኗል? የተቆረጠውስ (ድምፁ በዲስኩ ላይ የተቀረጸውስ) ከምን ዓይነት ምንጭ ነው? የሪቻርድ ዲ. ጄምስ ሥራዎች ይህን ለማየት ይመቻሉ፤ በአንድ ሰው እጅ ከተሠሩት መካከል ገጹ ወደ 27 ደቂቃ የተጨናነቀ አልበም አለ፣ ገጹ 11 ደቂቃ እንኳ የማይሞላም አለ።

ከከባዱ እንጀምር። «ሰሌክትድ አምቢየንት ወርክስ ቮልዩም 2» እ.ኤ.አ. በ1994 በእንግሊዙ አሳታሚ በዋርፕ ሲወጣ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዙ ሸክላ ሦስት ዲስክና 25 ትራክ ነበረው። ሙዚቃው በጠቅላላ ከ160 ደቂቃ ያልፋል። ለስድስት ገጽ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ወደ 27 ደቂቃ ይደርሰዋል። ባለ 12 ኢንች ሸክላ በደቂቃ 33⅓ ዙር ሲሽከረከር ሳይጨነቅ የሚይዘው ከ18 እስከ 22 ደቂቃ ነው። ከዚያ ካለፈ ከአንዱ ወገን መቀነስ ግድ ይሆናል።

ምን እንደሚቀነስ ሒሳቡ ያሳያል። ሙዚቃ የሚቆረጥበት ቦታ ከዲስኩ መሃል 14.6 ሴንቲሜትር ርቆ ይጀምርና 6 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ያልቃል፤ ስፋቱ 86 ሚሊሜትር ነው። 27 ደቂቃ 900 ዙር ነው። 86ን ለ900 ብናካፍል ለአንድ ዙር 0.095 ሚሊሜትር ይደርሳል። ቦዩ (መርፌው የሚሄድበት ጎድጓዳ መስመር) ራሱ ምንም ድምፅ ሳይኖርበት 0.05 ሚሊሜትር ያህል ይወስዳል። ለድምፁ መወዛወዣ የሚተርፈው እንግዲህ 0.045 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ገጹ 22 ደቂቃ ቢሆን ደግሞ 733 ዙር ይሆናል፣ ለአንድ ዙር 0.117 ሚሊሜትር ይደርሳል፣ ለድምፁም 0.067 ይተርፋል። በድምፅ ከፍታ ሲለካ ልዩነቱ ወደ 3 ዴሲቤል ነው። እርግጥ የመቁረጫ ማሽኑ ጮክ ያለው ሲመጣ በዙሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ያሰፋል፣ ጸጥ ሲል ያጠባል፤ ስለዚህ ቁጥሩ በየቦታው እኩል አይሠራም። አቅጣጫው ግን አይለወጥም፤ ደቂቃው በበዛ ቁጥር ድምፁ ዝቅ ብሎ ይቆረጣል።

ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ሸክላ በራሱ ጥፋት የለበትም። ችግሩ የሚመጣው አድማጩ ድምፁን ሲጨምር ነው፤ የላስቲኩ (ዲስኩ የተሠራበት ቪኒል) የራሱ ሽሽታ፣ የአቧራው ኮሽታ፣ የማጫወቻው ጉርምርምታ አብረው ከፍ ይላሉ። በዳንስ ሙዚቃ ላይ ከበሮው ይሸፍናቸዋል። በዚህ አልበም ላይ ግን ከበሮ የሌላቸው፣ ሁለትና ሦስት ድምፅ ብቻ እየተነፈሱ ለረጅም ደቂቃ የሚቆዩ ትራኮች ናቸው የሚበዙት፤ አንዲት ኮሽታ እንኳ ራቁቷን ትሰማለች።

ለዚህ ነው ዋርፕ በኦክቶበር 2024 ያወጣውን የተስፋፋ እትም ለማዳመጥ የምመርጠው። አራት ዲስክ ነው። ሁለት ትራክ ተጨምሮበትም የገጹ አማካይ ከ21 እስከ 23 ደቂቃ ባለው መካከል ይወድቃል። ስምንት ጊዜ ተነስቶ መገልበጥ አሰልቺ ነው፤ ለጥራቱ የሚከፈል ዋጋ ነውና ይከፈል። በ2012 ናይንቲን ሰቨንቲ ቱ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ያወጣው ዳግም ህትመት ሦስት ዲስክ ስለሆነ የመጀመሪያው ሒሳብ እሱንም ይይዘዋል፤ አዲስና ንጹሕ ላስቲክ መሆኑ ያግዘዋል እንጂ ቦታ አይጨምርለትም። የ1994ቱ፣ በተለይ ቡናማው ላስቲክ፣ የሰብሳቢ ዕቃ ነው። ከእነ ሽፋኑ መያዙ ትልቅ ደስታ ነው፤ በየቀኑ የሚጫወት ግን አይደለም።

በዚሁ አልበም ላይ ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። ከ«ብሉ ካልክስ» በቀር ትራኮቹ በይፋ ስም አልተሰጣቸውም ነበር፤ በሽፋኑ ላይ የሚለዩት በፎቶግራፍና በክብ ሥዕላዊ መግለጫ ነው። የእንግሊዙ ሲዲ 24 ትራክ ሲይዝ የአሜሪካው 23 ብቻ ነው። በተለምዶ «ስቶን ኢን ፎከስ» የሚባለው ቁጥር 19 በ1994ቱ ሲዲ ላይ ስላልገባ ከሱ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ይንሸራተታሉ። ሻጭ «ቁጥር 20 ላይ ትንሽ ጭረት አለ» ብሎ ከጻፈ በሸክላው ቁጥር ነው ወይስ በሲዲው ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያም ይሻላል፦ የየትኛው ዲስክ የየትኛው ገጽ እንደሆነ፣ ከዳር ስንተኛው እንደሆነ ይንገራችሁ።

ከዚህ ተቃራኒ የቆመው «ሳይሮ» ነው። በ2014 ሲወጣ 12 ትራክ፣ 64 ደቂቃ ገደማ፣ በሦስት ዲስክ ተዘረጋ። አንድ ገጽ 11 ደቂቃ አይሞላም። በ33⅓ እንኳ ቢሰላ ለአንድ ዙር 0.24 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ የ1994ቱን ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። የ2001 «ድሩክስ»ም እንዲሁ፦ 100 ደቂቃ በአራት ዲስክ፣ ለአንድ ገጽ 12 ደቂቃ ተኩል። «ሪቻርድ ዲ. ጄምስ አልበም» (1996) በእንግሊዝ እትሙ 33 ደቂቃ ስለማይሞላ በአንድ ዲስክ ብቻ ያለ ጭንቀት ይቀመጣል። በእነዚህ ሦስቱ ላይ ጥሩ ተደርጎ የተሠራ ዳግም ህትመት ከመጀመሪያው የሚያንስበት ምክንያት የለም፤ ለመጀመሪያው ህትመት የሚከፈለው ትርፍ ገንዘብ ለታሪኩ የሚከፈል ነው።

«ሰሌክትድ አምቢየንት ወርክስ 85-92» ግን ሌላ ዓይነት ጉዳይ ነው። በ1992 በአፖሎ ወጣ፤ አፖሎ የቤልጂየሙ አሳታሚ የአር ኤንድ ኤስ ቅርንጫፍ ነው። 13 ትራክ፣ 74 ደቂቃ ገደማ፣ ሁለት ዲስክ፤ ለአንድ ገጽ 18 ደቂቃ ተኩል። ቦታ በቂ ነው። እዚህ ላይ የሚወስነው ምንጩ ነው። ቀረጻዎቹ የመጡት ከካሴት ነው፤ ካሴት ደግሞ የላይኛውን ድምፅ ይቀንሳል፣ ሽሽታ ይጨምራል፣ ፍጥነቱም ትንሽ ይዋዥቃል። ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ህትመት ላይም አለ፣ በኋለኞቹም ላይ አለ። «ሪማስተርድ» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ጥርት ያለ ጸናጽል ከጠበቀ ያዝናል፤ በካሴቱ ላይ ያልተቀዳን ድምፅ ማንም መሐንዲስ ከየትም አያመጣውም። ሊደረግ የሚችለው ቤዙን ማስተካከል፣ ትራክ ከትራክ ማመጣጠን፣ ሽሽታውን በጥቂቱ መቀነስ ነው። ሽሽታው በጣም ከተቀነሰ የማሚቶው ጭራ አብሮ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ከሁለት እትም አንዱን መምረጥ ካለባችሁ ጸጥ ያለውን ሳይሆን ማሚቶው ሳይቆራረጥ ቀስ ብሎ የሚጠፋውን ምረጡ።

ይህ አልበም በተለያዩ ዓመታት ደጋግሞ ታትሟል፤ 3922 የሚለው የካታሎግ ቁጥር በኋለኞቹም ላይ ስላለ ብቻውን ምንም አያስረዳም። የሚያስረዱት ትናንሽ ነገሮች ናቸው። በሽፋኑ ወይም በመሃሉ ወረቀት ላይ የኢንተርኔት አድራሻ ካለ የ1992 ህትመት ሊሆን አይችልም። የቅጂ መብት መስመሩ ላይ የተጻፈው ዓመት ሙዚቃው የወጣበት ሊሆን ስለሚችል እሱንም ብቻውን አትመኑ። ትክክለኛው መታወቂያ ከመጨረሻው ትራክ በኋላ፣ በመሃሉ ወረቀት ዙሪያ ባለው ባዶ ቀለበት ላይ የተጫረው ጽሑፍ ነው። ዲስኩን በመብራት ሥር አዘንብሉና ሁሉንም ገጽ አንብቡ፤ በእጅ የተጫረውንም በማሽን የተመታውንም ፊደል ሳትዘሉ ጻፉና ዲስኮግስ (የሸክላ እትሞች መዝገብና ገበያ የሆነ ድረ ገጽ) ላይ ካሉት እትሞች ጋር አስተያዩ። አንድ ገጽ ብቻ ማየት አይበቃም፤ ሁለት ዲስክ ባለው አልበም ውስጥ አንዱ ዲስክ ከሌላ ህትመት የመጣ ሆኖ መገኘቱ አዲስ ነገር አይደለም።

የፋብሪካ ምልክቶቹን ማወቅ ሥራውን ያቀላል። ከቁጥሮች በኋላ «ኢ» (E) የሚለው የላቲን ፊደል፣ ከዚያ አንድ ቁጥር፣ ከዚያ ያዘነበለ መስመርና (/) የገጹ ፊደል ከመጣ ብዙውን ጊዜ የቼኩ ጂ.ዜድ ነው። ኤም.ፒ.ኦ. (MPO) የሚሉት ፊደላት የፈረንሳዩ ፋብሪካ ናቸው። በሁለት «ቢ» ፊደላት (BB) ጀምሮ በቁጥር የሚቀጥለው የጀርመኑ ኦፕቲማል ነው። በብዙ የእንግሊዝ ሸክላዎች ላይ ደግሞ የቆራጩን መሐንዲስ ፊርማ ታገኛላችሁ፤ «ኤ ፖርኪ ፕራይም ከት» የሚለው የጆርጅ ፔክሃም ነው። ምልክቱ የሚነግረን የት እንደታተመ ወይም ማን እንደቆረጠው ነው እንጂ ጥሩ መሆኑን አይደለም።

ወደ አጫጭሮቹ ባለ 12 ኢንቾች እንለፍ። የቴክኖው ጉልበት ያለው እዚህ ነው። «አናሎግ በብልባዝ» በ1991 በእንግሊዝ የኤክሰተር ከተማ አሳታሚ በሆነው ማይቲ ፎርስ ወጣ፤ «ዲጀሪዱ» በ1992 በአር ኤንድ ኤስ። የኋለኛው በ2024 ተስፋፍቶ ዳግም ታትሟል፤ ለሚያጫውት ሰው እሱ ይበቃዋል። የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ብዙዎቹ በዲጄዎች እጅ ያለፉ ናቸው። ዲጄ መርፌው እንዳይዘል ከ3 ግራም በላይ ይጭናል፣ ዲስኩን ወደ ኋላ ወደ ፊት ያሻል፣ አንዱን ቦታ መቶ ጊዜ ይደግማል። ውጤቱ ላይ ላዩን ሲያዩት አይታይም፤ የሚሰማው የመጀመሪያው ኪክ (ትልቁ ከበሮ) ከመግባቱ በፊት ባሉት ዙሮች ላይ ያለ የማያቋርጥ ሽሽታ ሆኖ ነው። ሻጩን ከትራኩ መሃል ሳይሆን ከመነሻው 20 ሰከንድ ቀድቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ።

ለቴክኖ ቤዝ ከሁሉም ይከብደዋል። የሸክላ ቦይ ወደ ጎንም ወደ ታችም ይንቀሳቀሳል፦ በግራና በቀኝ እኩል የሆነው ድምፅ ወደ ጎን፣ የተለያየው ወደ ላይና ወደ ታች። ቤዙ በግራና በቀኝ ተቃራኒ ሆኖ ከመጣ ቦዩ በአንድ ቦታ ይሰምጣል፣ በሌላው ሊጠፋ እስኪደርስ ይሳሳል፤ መርፌውም ይዘላል። ለዚህ ሲባል ቆራጩ ከ150 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን ወደ ሞኖ ይሰበስበዋል። ከዚያ አር.አይ.ኤ.ኤ. የተባለው መስፈርት አለ፦ ሲቆረጥ 20 ኸርዝ ላይ ያለው ቤዝ በ20 ዴሲቤል ገደማ ይቀነሳል፣ የላይኛው በዚያው ያህል ይጨመራል፤ ማጫወቻው ላይ ያለው ፎኖ ፕሪአምፕ (የሸክላ ድምፅ ማጉያ) ይገለብጠዋል። በላይኛው ላይ የሚጨመረው ጉልበት ለቆራጩ ራስ አደጋ ነው፤ የተጋነነ ጸናጽል ያለበት ትራክ የመቁረጫውን ሽቦ ያግላል። ስለዚህ ለሲዲ ተብሎ እስከ ጣሪያው የተገፋ ማስተር (ለህትመት የተዘጋጀው የመጨረሻ ቅጂ) በቀጥታ ሲቆረጥ ቆራጩ ሁሉንም ዝቅ ያደርገዋል፣ ከላይም ይከረክመዋል። ለሸክላ ተብሎ የተለየ ማስተር ተሠርቶለታል ወይ የሚለው ጥያቄ ከላስቲኩ ክብደት በጣም ይበልጣል።

ክብደቱን ካነሳን፣ 180 ግራም ድምፅ አያሻሽልም። ቦዩ በ140 ግራም ላይ ያለው ያው ነው። ወፍራም ላስቲክ ትንሽ ቶሎ አይጣመምም፣ ለእጅም ደስ ይላል፤ ግን በማተሚያው ውስጥ ሙቀቱ እኩል እስኪደርሰው ጊዜ ይፈልጋል። ፋብሪካው ቸኩሎ ካወጣው ላስቲኩ የቦዩን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ አይሞላውም። ይህ ጉድለት ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ ያወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ስፒከር ብቻ፣ በእያንዳንዱ ዙር ደግሞ በዚያው ቦታ። በማጠብ አይለቅም፤ ከሻጩ ጋር ሳትከራከሩ መልሱት። ሥዕል የታተመባቸው ዲስኮች በተፈጥሯቸው ሽሽታቸው ይበዛል፤ ለግድግዳ ጥሩ ናቸው።

የሚቀጥለው ጉድለት ለኤፌክስ ትዊን አምቢየንት ከሁሉም የከፋ ነው፦ ቀዳዳው መሃል ላይ አለመሆኑ። ቀዳዳው በግማሽ ሚሊሜትር ቢስት፣ በዳሩ በኩል የፍጥነት መዋዠቁ 0.34 በመቶ፣ በመሃሉ በኩል ግን 0.83 በመቶ ይሆናል። በሙዚቃ ሲለካ የመሃሉ ወደ 14 ሴንት ነው፤ አንድ ሰሚቶን 100 ሴንት መሆኑን አስታውሱ። ድምፁ በየ1.8 ሰከንዱ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ፈጣን ቴክኖ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ በ«ቮልዩም 2» ላይ ሰው «ሩባርብ» ብሎ የሚጠራው ትራክ ዓይነት የረዘመ የሲንተሳይዘር ድምፅ ላይ ግን የባሕር ሕመም ያስይዛል። ከላይ ቁሙና የመርፌውን ራስ በመጨረሻዎቹ ዙሮች ላይ ተመልከቱ፦ በእያንዳንዱ ዙር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከተወዛወዘ ቀዳዳው ስቷል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ከሆነ ዲስኩ ተጣሟል። ቀዳዳውን በክብ ሞረድ በጥቂቱ አስፍቶ በእጅ መሃል ማስያዝ ይቻላል። ዋጋ ባለው ቅጂ ላይ ግን አይደረግም፤ አንዴ የሰፋ ቀዳዳ ወደነበረበት አይመለስም። በ«ቮልዩም 2» ላይ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ካሴቱ ወይም ሲንተሳይዘሩ ነው፤ ከመውቀሳችሁ በፊት የማይዋዥቀውን የዲጂታል ቅጂ ከጎኑ አጫውቱ።

ትራኩ ከመጀመሩ በፊት የራሱ ጥላ በስሱ ሲሰማስ? ርቀቱ 1.8 ሰከንድ ከሆነ (በ45 ዙር 1.33) ከጎረቤት ቦይ የመጣ ቅድመ ማሚቶ ነው። ላከሩ (መጀመሪያ ቦዩ የሚቆረጥበት ዲስክ ሽፋን) ለስላሳ ስለሆነ አዲሱ ቦይ ሲቆረጥ የጎረቤቱን ግድግዳ በትንሹ ይገፋዋል። ዙሮቹ በተጠጋጉ ቁጥር ይብሳል፤ ስለዚህ ገጹ ረጅም በሆነበት ህትመት ላይ መጠበቅ ያለበት ነገር ነው። በመዳብ ላይ በቀጥታ የሚቆረጥበት ዘዴ ይቀንሰዋል። ከካሴት ወይም ከሪል ቴፕ የተቀዳ ነገር ላይ ደግሞ ጥላው ከቴፑም ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ርቀቱ ከ1.8 ሰከንድ ጋር አይገጥምም፣ በዲጂታሉም ላይ ይሰማል።

አዲስ ሸክላም ሳይታጠብ አይጫወት። ከማተሚያው የወጣ የወረቀት ብናኝና ከላስቲኩ የሚወጣ ቅባት በቦዩ ውስጥ አለ። አንድ ሊትር ለማዘጋጀት 800 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ፣ 200 ሚሊሊትር ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ሽታና ቀለም የሌለው የፎቶ ማጠቢያ ማርጠቢያ ይበቃል። ጠብታው ከበዛ ሲደርቅ ራሱ ነጭ ደለል ሆኖ ይቀራል፣ መርፌው ላይም ይጠራቀማል። በለስላሳ ብሩሽ የቦዩን አቅጣጫ ተከትላችሁ አሹት፣ በንጹሕ የተጣራ ውሃ አለቅልቁት፣ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ሳትጫኑ አንሱት፣ ቆሞ ይድረቅ። የመሃሉን ወረቀት አታርጥቡ። የቧንቧ ውሃ ማዕድኑን በቦዩ ውስጥ ትቶ ስለሚሄድ አይሆንም። ይህ ውህድ ለአሮጌዎቹ ባለ 78 ዙር ሸክላዎች አይደለም፤ አልኮል ያሟሟቸዋል። ሲቀመጥም በፒ.ቪ.ሲ. ከረጢት ውስጥ አታቆዩት፤ ከጊዜ በኋላ ላስቲኩን ያደበዝዘዋል። ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ይሁን።

ማጫወቻው ላይ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጥፋቱን በህትመቱ ላይ ይጥላል። በ33⅓ ዙር በዳሩ ላይ ቦዩ በሰከንድ 51 ሴንቲሜትር ይሮጣል፤ በመሃሉ 21 ብቻ። የ10,000 ኸርዝ አንድ ሞገድ በዳር 0.051 ሚሊሜትር ሲወስድ በመሃል 0.021 ውስጥ መጨመቅ አለበት። ክብ ጫፍ ያለው መርፌ እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ገጹ ሲያልቅ የሚሰማው መሻከር ከዚህ ነው። ሞላላ ወይም ማይክሮላይን ጫፍ ይጠቀሙ፣ የመርፌውን ጫና አምራቹ በጻፈው መካከለኛ ቁጥር ላይ ያድርጉ፣ አቀማመጡን በመለኪያ ካርድ ከመሃል 66 እና 120.9 ሚሊሜትር ላይ ያስተካክሉ። ከዚህ በኋላም ከሻከረ ሸክላው አልቋል።

አሁን ወደ ብርቅዬዎቹ። ሬፍሌክስ ጄምስ ከግራንት ዊልሰን-ክላሪጅ ጋር በ1991 የመሠረተው አሳታሚ ነበር፤ «አናሎርድ» የተባሉት 11 ባለ 12 ኢንቾች በ2005 የወጡት እዚያ ነው። አሥረኛው ቀድሞ መጣ፣ ሌሎቹን ለመያዝ በተሠራ ቆዳ መሰል ጥራዝ ውስጥ። ሁሉም በኤ.ኤፍ.ኤክስ. (ሌላው የጄምስ ስም) ሲሆኑ አሥረኛው ብቻ ኤፌክስ ትዊን ይላል፤ ይህ የህትመት ስህተት አይደለም። ሙሉ ስብስብ ስትገዙ ጥራዙ ብቻ ውድ ስለሆነ እያንዳንዱን ዲስክ ለየብቻ አስፈትሹ። በ1995 በዋርፕ የወጡት የ«ሀንገብል ኦቶ በልብ» ሸክላዎች የመጀመሪያ ህትመታቸው በጣም ጥቂት ስለነበር ዋጋቸው ከፍ ብሎ ቆየ፤ ሙዚቃው በ2005 በሲዲ ተመልሶ ወጥቷል።

«ኮስቲክ ዊንዶው» የተባለው አልበም በ1994 ሊወጣ ታስቦ በሙከራ ህትመት ቀረ። በ2014 አንዱ ቅጂ ዲስኮግስ ላይ በ13,500 ዶላር ቀረበ፤ አድናቂዎች በኪክስታርተር ገንዘብ አዋጥተው ገዙት፣ ለአዋጪዎቹ በዲጂታል ተከፋፈለ፣ ዲስኩ ራሱም በኢቤይ በ46,300 ዶላር ተሸጠ፤ ገዢው የማይንክራፍት የቪዲዮ ጨዋታ ፈጣሪ ማርኩስ ፐርሰን ነበር። ከዚያ ወዲህ የዚህ አልበም ነው ተብሎ የሚሸጥ ማንኛውም ርካሽ ሸክላ ከዲጂታሉ ፋይል ያለፈቃድ የተቆረጠ ፎርጅድ ነው። በ2015 ጄምስ ሳውንድክላውድ ላይ በነፃ ከለቀቃቸው ብዙ ትራኮች የተሠሩ ፎርጅዶችም አሉ። የሚታወቁት ሽፋኑ ከሌላ ሽፋን በስካነር ተነስቶ ፊደሉ ዳር ዳሩ ስለደበዘዘ፣ ሥዕሉ ላይ የነጥብ መረብ ስለሚታይ፣ በባዶው ቀለበትም ላይ ቁጥሩ አጭር ስለሆነ ወይም ጭራሽ ስለሌለ ነው። ዲስኮግስ ፎርጅድ እንዲሸጥ አይፈቅድም፤ ሻጩ በእውነተኛው እትም ገጽ ሥር ካስቀመጠው የባዶውን ቀለበት ፎቶ ጠይቁት፣ እምቢ ካለ ተዉት።

በመጨረሻ፣ በዝግጅት ላይ ብቻ የተሸጡት አሉ። በዲሴምበር 2016 በሂውስተን፣ በ3 ጁን 2017 ለንደን ፊልድ ዴይ በተባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ የቀረቡት ሸክላዎች የቀኑንና የከተማውን ስም ይዘው ከመሸጫው ጠረጴዛ በቀጥታ ለተሰለፈው ሰው ሄዱ። በዲሴምበር 2024 ዋርፕ የእነዚህን ዓይነት ሥራዎች ከ2016 እስከ 2023 ያሉትን ሰብስቦ በዲጂታል አወጣ። ሙዚቃውን ለመስማት ሲባል የዝግጅቱን ሸክላ በውድ መግዛት እንግዲህ አያስፈልግም። ሸክላውን ራሱን ለሚፈልግ ግን የሚፈተሸው ያው ነው፦ ባዶው ቀለበት፣ የቀዳዳው መሃል መሆን፣ የመነሻው 20 ሰከንድ።